በኑግ የራሰ ብሎን

«አጥብቆታል?»

መሳፍንት የጠየቃት ይህንኑ ብቻ ነበር። ማሪቱ ያን ጊዜ መልስ አልነበራትም።

ጥር ሃያ ሦስት ነው፤ የፈረሰኞቹ በዓል ቀን። እንጅባራ ገና እየነጋላት ነበር። ውርጩ የቆርቆሮ አጥሩን አንጥቶታል። መሳፍንት እንደ ልማዱ በመኪና ቁልፉ የግቢውን በር ሦስት ጊዜ መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሚኒባሱ ሞተሩ እንደተነሣ ከኋላው ቆሟል።

ማሪቱ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች።

«እትዬ ማሪቱ፣ እንዴት አደሩ? ደረሰ አልተነሣም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተኝቷል። ይሄን መኪናህን ሲታገል ሦስት ቀን በቅጡ አላረፈም። ልቀስቅሰው?»

«ይተዉት፣ ይተኛ። የፈረሰኞቹን ቤተሰቦች ከጥርባ አምጥቼ ስመለስ አገኘዋለሁ። ብቻ ብሎኑን አጥብቆታል?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ?»

መሳፍንት ሳቀ። ከደረሰ እጅ መኪናውን በተረከበ ቁጥር ይህን ሳይጠይቅ አይነዳም። ደረሰም «አጥብቄዋለሁ» ሳይል ቁልፉን አይሰጠውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ የሁለቱ ጨዋታ ነበር።

«ዛሬ እርስዎን ጠይቄያለሁ፤ ይቆጠርልኛል» አለና ሄደ።

የኋላ መብራቱ ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ አየችው። ልጇን አልቀሰቀሰችውም።

ሚኒባሱን ያገኙት ፈረሰኞች ናቸው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጥርባ ወደ በዓሉ ይሄዱ ነበር። ከመንገዱ ግርጌ ካለው ሐይቅ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ጋ ሲደርሱ ፈረሶቹ አንሄድም አሉ። ያጌጡ የበዓል ፈረሶች ናቸው፤ እልልታም ጩኸትም የለመዱ። ጆሯቸውን ቀስረው ቆሙ። ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ።

ሚኒባሱ ከጠጠር መንገዱ ወጥቶ በቀኝ ጎኑ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተደግፏል። ዛፉ ባይኖር ሐይቁ ውስጥ ነበር። መሳፍንት መሪውን እንደያዘ ሞቷል። ሌላ ሰው አልተሳፈረም። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬቻው ብቻ ብልጭ፣ ድርግም ይላል።

ከታች ውሃው ጠቁሮ ጸጥ ብሏል።

ወሬው እንጅባራ ሲደርስ ደረሰ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ማንም አልጠራውም።

«መኪናውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

እዚያው አስቀሩት።

የሚኒባሱ ችግር ማንም የሚያየው ነበር። ፊቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እንደ አንካሳ ነበር የሚሄደው። ከፊት ጎማዎቹ ወደ ሆዱ የሚዘልቁ ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎች አሉት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ሌላ መኪና ላይ ሞላ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ይህ ዘንግ ነው። በየዘንጉ ጫፍ አንድ ብሎን አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ መኪናው ከፍ ይላል፤ ሲላላ ዝቅ ይላል። የመሳፍንት መኪና ሁለት ብሎኖች ግን በዓመታት ዝናብና ጭቃ ዝገው ነክሰዋል። አይጠብቁም፤ አይላሉም።

ደረሰ እንዲህ ያለውን ብሎን የሚፈታበት የራሱ መንገድ ነበረው። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ክብደቱን ከብሎኑ ላይ ያወርዳል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል። ከእናቱ የኑግ ዘይት ይለምንና ከናፍታ ጋር ይቀላቅላል። የእናቱን አሮጌ ቀሚስ ቀድዶ፣ ጨርቁን በዘይቱ አርሶ፣ ብሎኑን እንደ ቁስል ይጠቀልለዋል። ጠዋትና ማታ ያርሰዋል። በሦስተኛው ቀን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያደረገ ይመታና የብሎን መፍቻ ቁልፉን ያስገባል። ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ።

«እኛ በምን ወጥ እንሥራ? ዘይቱን ሁሉ ብሎን ጠጣው እኮ» ትለው ነበር ማሪቱ።

«ካላጠጡት አይለቅም፣ እማ።»

እሳት ግን አያስጠጋም። እሳት የነካው ዘንግ ጥንካሬው ይሞታል፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ ይሰበራል። ይህን ያስተማረው ጋሽ ዓለምነው ነው።

ዓለምነው ከከተማው መካኒኮች ሁሉ አንጋፋው ነው። ደረሰን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው፤ ለማሪቱ አበልጇ ነው። ደረሰ እሱ ጋራዥ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ አምና ወጥቶ እናቱ ግቢ ውስጥ የራሱን ሥራ ጀመረ። ሲወጣ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

ጥር ሃያ ሁለት ጠዋት የግራው ብሎን ተፈታ። ቀኙ እምቢ አለ። ከሰዓት ዓለምነው ሲያልፍ አየና ገባ።

«እኔ ጋ ውሰዱት» አለ። «የጋራዤ ጉድጓድ ላይ አቁሜ ከሥር ቀኙን እሞክርልሃለሁ። አንተ ዓይንህ ቀልቷል፤ ሂድ ትንሽ ተኛ።»

መሳፍንት መኪናውን ወስዶ እዚያው ትቶት ሄደ። ደረሰ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡ ሲደርስ የቀኙ ብሎን ተፈትቶ፣ በወፍራም ግራሶ ተቀብቶ አገኘው። ሁለቱንም ከፍታ አስተካክሎ አጠበቀ። ሥራ ሲጨርስ እንደሚያደርገው፣ ብሎኖቹ ከማቀፊያቸው ወጥተው በሚታዩት ልክ ሁለት የቀርከሃ ስንጥሮች ቆረጠ። ደንበኛው ሌላ ቀን ሲመለስ፣ ብሎኑ ከቦታው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ በስንጥሩ ለክቶ ያውቃል።

መሳፍንት ማልዶ እንዲወስደው የመኪናውን ቁልፍ ለጋራዡ ዘበኛ ትቶ ቤት ሲገባ ስንጥሮቹን ለእናቱ ሰጣት። «አስቀምጭልኝ። ረጅሙ የግራው ነው፤ አጭሩ የቀኙ። እስከዚያ ፊደል መቁጠሪያ ይሁንሽ።»

ማሪቱ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ስንጥሮቹን ደብተሯ ውስጥ አስገባቻቸው።

«ቀኙን ጋሼ ጨረሱልኝ» አላት ደረሰ። «ሦስት ቀን የታገለኝን እሳቸው በአንድ ከሰዓት። አየሽ፣ ገና ብዙ ይቀረኛል።»

ራቱንም ሳይበላ ተኛ።

ሳጅን ትህትና ከዳንግላ ተዛውራ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ስትጽፍ ቀና አትልም።

«ልጅዎ ብሎኑን አጥብቆታል?»

ያው ጥያቄ ነው፤ በሌላ ሰው አፍ።

«አላውቅም።»

«ማታ ሲገባ ምን አለ?»

«ጨረስኩ አለ።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«ልጄ አይጠጣም።»

«ከሟች ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«በልጅነታቸው። በብይ።»

ሳጅኗ ቀና አለች። ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

የተጠረጠረው ደረሰ ብቻ አልነበረም። ይኸነው የሚባል ሹፌር በበዓሉ ዋዜማ መናኸሪያ ውስጥ ከመሳፍንት ጋር በተራ ተጣልቶ «ጥርባ ላይ እንተያያለን» ብሎታል። ብዙ ሰው ሰምቷል። ሳጅኗ አስጠራችው።

«ለምን እንዲያ አልከው?»

«ጥርባ ላይ ስለምንተያይ ነዋ። ሁለታችንም የምንጭነው ከዚያ ነው።»

«ዋዜማውን ማታ የት ነበርክ?»

«ግምጃ ቤት ከተማ፣ አማቴ ጋ። መኪናዬ ተበላሽታ እዚያው አደርኩ።»

«በምን ተመለስክ?»

ይኸነው ወደ በሩ አየ።

«በምን ተመለስክ አልኩህ እኮ።»

«በጋሪ።»

«ሹፌሩ በጋሪ?»

«ሳጅን፣ እሷን እባክዎ አይጻፏት። መናኸሪያ ውስጥ መኖሪያ አይኖረኝም።»

ባለጋሪውም አማቱም መሰከሩለት። ይኸነው ወጣ። ደረሰ ቀረ።

ማሪቱ ለቅሶ ሄደች። የተጠርጣሪው እናት ብትሆንም፣ መሳፍንት እጇ ላይ ያደገ ልጅ ነው። በሩ ሥር ተቀመጠች። የመሳፍንት ሚስት እንቁ ከማዶ አየቻት። ከእሷ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

ዓለምነው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አበልጄ፣ በርቺ» አላት በሹክሹክታ።

«መኪናውን አይተውታል፣ አበልጅ? እውነት ልጄ ነው?»

«እኔ ያን ቀን ታምሜ ከአልጋም አልወረድኩ። ጥርባንም አልረገጥኩ። ያየው ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ነው አሉ። ግራው ላልቶ ተገኘ ነው የሚለው።»

«ግራው?»

«ግራው። ልጅ ነው፤ ደክሞት ነበር። ጥፋቱን ካመነ ይቀልለታል። ወረቀት ሲሰጡሽ አትከራከሪ፤ አሻራሽን አድርጊና ውጪ።»

እጆቹን ኩታው ውስጥ ቀብሯቸዋል። ማሪቱ በርዶት መሰላት።

በማግስቱ ጣቢያ ሄዳ ልጇን አየችው። ከስቷል።

«እማ፣ ይመጣል» አላት።

«ማን?»

«መሳፍንት። ሊነጋ ሲል። በሩን ሦስት ጊዜ ይመታል። አጥብቀኸዋል? ይለኛል።»

ማሪቱ የያዘችውን የምግብ ሳህን መሬት አስቀመጠች።

«አንተስ ምን ትለዋለህ?»

«አጥብቄዋለሁ ልለው አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ እጠራጠራለሁ። እጄ ያስታውሳል፣ እማ። ቁልፉ የመጨረሻውን ሲነክስ እጄ ያስታውሳል። ልቤ ግን እምቢ ይለኛል።»

«ቀኙን ጋሽ ዓለምነው እንደሠሩት ለምን አልተናገርክም?»

«ዝም በይ፣ እማ። ክርስትና ያነሣኝን ሰው ስም ፖሊስ ፊት ላንሣ? ደግሞ የላላው ግራው ነው ተብሏል። ግራው የኔ ነው።»

ማሪቱ እሷም እንደምትሰማ አልነገረችውም። ከአደጋው ማግስት ጀምሮ ሁልጊዜ ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ሦስት ጊዜ ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ወጥታ ትከፍታለች። መንገዱ ላይ ውርጭ ብቻ ነው። የእግር ዱካ የለም፤ የጎማም የለም። በሩን ዘግታ ቆማ ታለቅሳለች። ቀስቅሼው ቢሆን ትላለች። አንዲት ቃል ጠይቄው ቢሆን።

በስምንተኛው ቀን ሳጅን ትህትና አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ።

«እትዬ ማሪቱ፣ ይሄኛው የእርስዎ ቃል ነው። ይሄ ደግሞ መኪናውን የመረመረው ባለሙያ ውጤት። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ልጅዎ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሰሳል። ላንብብልዎትና አሻራዎን ያድርጉ።»

«እኔ ላንብበው።»

ሳጅኗ ሰዓቷን አየች። ከዚያ የባለሙያውን ወረቀት ገፋችላት።

ማሪቱ ደብተሯን ከፍታ ረጅሙን የቀርከሃ ስንጥር አወጣች። በስንጥሩ ጫፍ እያንዳንዱን ፊደል እየነካች ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ ተመለሰችባት።

«የግራው... ብሎን... ላልቶ... ተገኝቷል።»

ሳጅኗ ብዕሯን አስቀመጠች።

«በዚህም ምክንያት... ክብደቱ... በቀኙ ዘንግ ላይ... አርፎ... ዘንጉ ተሰብሯል።»

«ይኸው ነው፣ እትዬ። በቃ።»

«ታች ደግሞ አለ።»

«እሱ ስምና ቀን ነው።»

«ላንብበው፤ ጽሕፈት ነው።»

ስንጥሩ ወደ ታች ወረደ።

«ጥር ሃያ ሦስት። ጥርባ፣ አደጋው ከደረሰበት ቦታ። መርማሪ ባለሙያ... ዓ... ለ... ም... ነው።»

ስንጥሩ ቆመ።

«ዓለምነው ውዱ» አለች ማሪቱ። «አበልጄ።»

«ያውቋቸዋል? በከተማው የታወቁ መካኒክ ናቸው ብለው ነው የጠሩልኝ።»

ማሪቱ ስሙን በስንጥሩ ዳግም ነካችው። ጥርባን አልረገጥኩ ብሏታል። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው ብሏታል። አትከራከሪ፤ አሻራሽን አድርጊ ብሏታል። የምታነብ መስሎት አልነበረም። ከእሱ ጋር በተያዩበት ዘመን ሁሉ ስሟን እንኳ ለይታ አታውቅም ነበር።

አበልጅን ከስሶ ሰው ፊት መቆም እንዴት ይሆናል? ልጇን ታቅፎ ከጸበሉ ያወጣው ሰው ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ጣሪያዋን ያለበሰላት ሰው ነው።

ከዚያ በሩን ሰማችው። ጣቢያው ውስጥ፣ በቀን። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዞር አለች። ማንም የለም።

«ሳጅን» አለች፣ «የቀኙን ብሎን የፈታው ልጄ አይደለም።»

ሚኒባሱ በጣቢያው ጓሮ ቆሟል። አንድ ፖሊስ በክሪክ አነሣው። ማሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሥሩ ገባች። ሳጅን ትህትናም የእጅ ባትሪ ይዛ ተከተለቻት።

«ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ዘይቴን ነው የማውቀው።»

መጀመሪያ ቀኙን አዩ። ዘንጉ ከጫፉ አጠገብ ተሰብሯል። ዙሪያው ጥቁር ግራሶ ተለድፎበታል። ማሪቱ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገችው። ከሥሩ ብረቱ ላይ የተጋገረ፣ የሚያበራ ቡናማ ነገር ወጣ። በጥፍሯ ጫረችው፤ አልለቀቀም። አሸተተችው።

«ይሄ የኔ ኑግ ነው» አለች። «ተጠብሷል።»

«ምን ማለት ነው ተጠብሷል?»

«ሳጅን፣ ድስት አጥበው ያውቃሉ? ዘይት እሳት ላይ ሲቆይ እንዲህ ነው የሚጋገር። በብረት ሽቦ ካልፈተጉት አይለቅም። ልጄ ያሰረው ጨርቅ ከነዘይቱ እርጥብ ነበር፤ ጠዋት እኔው ነኝ ያራስኩት። ብረት ላይ ዘይት በራሱ አይጠበስም።»

ሳጅኗ ባትሪውን አስጠጋች። ከተጋገረው ዘይት ቀጥሎ፣ ስብራቱ አጠገብ፣ ብረቱ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኗል።

«እሳት» አለች ቀስ ብላ።

«ዘንግ በእሳት አይነካም። ይሄን ለልጄ ያስተማሩት አበልጄ ናቸው።»

ወደ ግራው ተሳቡ። ብሎኑ ላልቶ ረጅም ሆኖ ወጥቷል፤ ባለሙያው እንደጻፈው። ማሪቱ ጠጋ ብላ አየችው። ከጭንቅላቱ በታች ያለው ጥርሱ በቀይ አቧራ ተለብጧል፤ ዘይት የነካው ነገር ጠጠር መንገድ ላይ ሲሄድ እንደሚሆነው። ወደ ማቀፊያው የቀረበው ክፍል ግን ንጹሕ ነበር። ዘይቱ ያበራል፤ አቧራ የሚባል የለበትም።

«ሳጅን፣ የዘይት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ አቧራ ይይዛል አይደል? ክዳኑ የሸፈነው አንገቱ ግን አይይዝም።»

«ይቀጥሉ።»

«ይሄ ንጹሑ መንገድ አላየም። መኪናው ሲሄድ ውስጥ ነበር።»

ረጅሙን ስንጥር ከደብተሯ አውጥታ አቧራ በያዘው ክፍል ላይ አጋደመችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ መጣ። አንዲት ጥርስ አልተረፈም፤ አንዲት ጥርስ አልጎደለም።

ማሪቱ ስንጥሩን እንደያዘች መኪናው ሥር ተጋድማ ቀረች። ውሃ በጆሮዋ በኩል ወደ መሬት ወረደ። ላብም እንባም ነበር።

«አጥብቆታል» አለች። «ልጄ አጥብቆታል። ብሎኑ የተፈታው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።»

ሳጅን ትህትና ዳንግላ ለምታውቀው ሌላ መካኒክ ደወለች። ሰውየው በማግስቱ መጣ፤ ከመኪናው ሥር ብዙም አልቆየም። ያለውም ያው ነው። ቀኙ በእሳት ተበላሽቷል፤ ግራው ከአደጋው በኋላ ነው የተፈታው።

ዓለምነው ኩታውን አጣፍቶ ጣቢያ መጣ። ማሪቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲያያት ትንሽ ቆም አለ።

«ጋሽ ዓለምነው፣ ይቀመጡ» አለች ሳጅኗ። «ሃያ ሁለት ከሰዓት ይህ መኪና የት ነበር?»

«ደረሰ ጋ።»

«ጉድጓድዎ ላይ ነበር።»

«ለትንሽ ጊዜ።»

«ቀኙን ማን ፈታው?»

«እኔ ረዳሁት። ልጄ እኮ ነው።»

«በምን?»

«በምን ይሆናል? በቁልፍ።»

«የኦክስጅን ብየዳ መሣሪያውን ከብየዳ ቤቱ የተዋሱት ለምንድን ነው? ባለቤቱ ተጠይቋል። በስምንት ሰዓት ወስደው በአሥር መልሰዋል።»

ዓለምነው ኩታውን ሰበሰበ።

«ጥርባ ላይ ከመኪናው ሥር የገባ ሌላ ሰው ነበር?»

ዓለምነው አቀረቀረ። ከዚያ እጆቹን ከኩታው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ይንቀጠቀጡ ነበር። ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጫቀጨ።

«ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። «ቁልፍ አይዝልኝም። ሲወድቅብኝ ሠራተኞቹ ዘወር ይላሉ፤ እንዳላዩ ይሆኑልኛል። ደረሰ ቢኖር ይይዝልኝ ነበር፤ እሱ ወጣ። ደንበኛው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። በዚያ ቀን ብሎኑን ሳየው ያቃተውን እኔ ልፍታው አልኩ። እንዲያው አንዴ። በቁልፍ ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። እሳት ግን የሚጸና እጅ አይፈልግም። አስጠግተው ይጠብቁታል፤ ራሱ ይለቃል።»

«ዘንጉ እንደሚሞት ያውቁ ነበር።»

«ትንሽ ነው የነካሁት አልኩ። እስከ በዓሉ ይይዛል፤ ከዚያ ሰበብ ፈልጌ እለውጠዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ጥርባ ድረስ ስጠራ መኪናውን ገና ሳላየው አወቅሁ።»

«ከዚያስ?»

«ፖሊሶቹ መሳፍንትን ሲያወጡ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። የግራው ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ብሎኑ ላይ ክብደት የለም። ደረሰ አሳምሮ ፈትቶት ነበር፤ በሁለት ጣት ዞረልኝ። ስድስት ዙር።»

ማሪቱ ከወንበሯ ተነሣች።

«አበልጅ» አለች፣ «ያን ጊዜ እጅዎ ተንቀጥቅጧል?»

ዓለምነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

«አልተንቀጠቀጠም» አለ።

ሳጅኗ ቃሉን ጽፋ አቀረበችለት። ለመፈረም ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ አሻራውን አደረገ።

ደረሰ ሐሙስ ቀን ተፈታ። ማሪቱ ቤት አድርሳው በቀጥታ እንቁ ጋ ሄደች።

«የኔ ልጅ አጥብቆታል» አለቻት። ሌላ ምን እንደምትል አላወቀችም።

እንቁ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ሳጅኗ ነግራኛለች» አለች። «ነግረሽዋል?»

«ደረሰን? እሱማ ያውቃል።»

«መሳፍንትን ነው የምልሽ። እዚህ አይመጣም። እናንተ ጋ ነው የሚመጣ፤ ስታልፊ ፊትሽን አያለሁ።»

ማሪቱ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች።

ደረሰ ስድስት ቀን ቤት ቆየ። መዶሻ አልነካም። ግቢው ውስጥ ሰዎች መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ በመስኮት አይቶ ይመለሳል። ዓለምነው ማረሚያ ቤት ከወረደ ወዲህ ጋራዡ ተዘግቷል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ደረሰ ይዞለት እንዲቀጥል ይጠብቃል። በሰባተኛው ቀን የመሣሪያ ሣጥኑን ዘጋ።

«ከዳንግላ የመጣው ያ መካኒክ ሥራ አለ ብሎኛል» አለ። «አብረን እንሂድ፣ እማ።»

«እኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም።»

«ዳንግላም ትምህርት አለ።»

«አንተ ሂድ።»

አልተከራከራትም። መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘችው። የሚኒባሱን በር ይዞ ሊሳፈር ሲል ዞር ብሎ በሹፌሩ በኩል ያለውን የፊት ጎማ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን አየ። ጥያቄውን ሊጠይቅ ነበር። ተወውና ገባ።

በሳምንቱ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ።»

«ይመጣል?»

ከስልኩ ወዲያ የመዶሻ ምት ተሰማ።

«ዳንግላ መጥቶ አያውቅም» አላት። «አንድ ቀንም።»

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተመታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ማሪቱ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች። በሩን አልከፈተችም። ቆርቆሮው ላይ እጇን አሳረፈች፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«አጥብቆታል» አለች።

ከውጭ መልስ አልመጣም። ጭጋጉ ግን ቶሎ ገለጠ።

በማግስቱም መጣ። በማግስቱም መለሰችለት።

አሁን መጋቢት ገብቷል፤ ውርጩ ለቋል። ማሪቱ ስንጥሩን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደች አንድ ገጽ ሳታርፍ ታነባለች። ደረሰ ሄዷል። መሳፍንት እዚሁ ቀርቷል።